ያገለገለ ባለስም የሸክላ ማጫወቻ፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ልብ ይሰርቃል። የእንጨት ሳጥኑ ተወልውሏል። ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ከባድ መሆኑ በፎቶ ሳይቀር ያስታውቃል። ስሙ ደግሞ ሸክላ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ጋራርድ፣ ቶረንስ፣ ሊን ወይም ቴክኒክስ። ዋጋው ከአንድ አዲስ መካከለኛ ማጫወቻ ብዙም አይርቅም። ሻጩ በዚያ ላይ «እንደ ሰዓት ይሠራል» ብሎ ጽፏል። እጃችሁ ስልኩ ላይ ነው።

እኔ እዚህ ወጥመድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ። አንደኛው ማጫወቻ እስከ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ይዘፍናል። ሁለተኛው ለሁለት ዓመት የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ኖረ። የሁለቱም ስም እኩል የተከበረ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ ማጫወቻ ስመዝን መጀመሪያ የማየው ከምን እንደተሠራ ነው። በጥንቃቄ የተሞረደ፣ ሳህኑ የሚዞርበት ዘንግና ከባድ ሳህን ዘይት እስካላጡ ድረስ አምሳ ዓመት ምንም አይላቸውም። ላስቲክ፣ ቅባት፣ ሞላና ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ክፍል) ግን ያረጃሉ፤ ተጠቅማችሁበትም ሳትጠቀሙበትም ያረጃሉ። ስለዚህ አሮጌ ማጫወቻ ስትገዙ የምትገዙት ብረቱን ነው። ሌላው ሁሉ ወይ ከእናንተ በፊት ተቀይሯል፣ ወይ እናንተ ትቀይሩታላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ምኑ ነው ያላረካችሁ?

ብዙ ሰው «ድምፁ አላረካኝም» ይላል እንጂ ምኑ እንዳላረካው ለይቶ አይናገርም። ሳይለዩ መግዛት ደግሞ ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

የሸክላው መጨረሻ ላይ የዘፋኙ «ስ» እና «ሽ» ይሻክራሉ እንበል። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የመርፌ ጣጣ ነው። ባለ 12 ኢንች ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ይዞራል። ውጨኛው ጠርዝ ላይ በመርፌው ሥር በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ያህል መስመር ያልፋል። ወደ መሃል ሲጠጋ ይሄ ወደ 21 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ላይ ተጨናንቆ ተቀርጿል ማለት ነው። ጫፉ ክብ የሆነ ተራ መርፌ እዚያ ጠባብ ውስጥ በደንብ አይገባም። የዓለምን ውድ ማጫወቻ ብታመጡም መርፌው ያው ከሆነ መሻከሩ ያው ነው። ጫፉ ቀጠን ያለ መርፌ ገዝቶ ካርትሪጁን (መርፌውን የሚይዘውን፣ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል) በመለኪያ ወረቀት አስተካክሎ ማሰር ግን ለውጡን ወዲያው ያሰማል።

ለመሆኑ መርፌያችሁን መቼ ነው የቀየራችሁት? የአልማዝ መርፌ እንደ ዓይነቱና እንደ አያያዙ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል። በቀን አንድ ሰዓት የሚሰማ ሰው 500ውን ሰዓት በዓመት ከአራት ወር ይጨርሰዋል። እኔ ሂሳቡን የሠራሁት ያለኝን ማጫወቻ ካማረርኩና ሌላ መፈለግ ከጀመርኩ በኋላ ነው። መርፌዬ አምስት ዓመቱ ነበር።

ድምፁ ይዋዥቃል? ፒያኖ ላይ ኖታው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል? መጀመሪያ ሸክላውን ቀይራችሁ ስሙ። የሸክላው ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ከመሃል ቢስት፣ መርፌው ከመሃሉ 10 ሴንቲሜትር ርቆ ሲጫወት ፍጥነቱ 0.5 በመቶ ወደላይና ወደታች ይላል። ለቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 አምራቹ ያስቀመጠው የመዋዠቅ መጠን 0.025 በመቶ ነው። የመለኪያው ስልት አንድ ባይሆንም ልዩነቱ 20 እጥፍ ነው። ቀዳዳው ለሳተ ሸክላ ውድ ማጫወቻ መግዛት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

«እምምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ካለ ደግሞ የምድር ሽቦውን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ አልታሰረም ወይም ላልቷል።

ማጫወቻ መቀየር የሚፈታው እነዚህን ነው፦ በየትኛውም ሸክላ ላይ የሚሰማ መዋዠቅ፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ባለው ጸጥታ ውስጥ የሚሰማ የሩቅ ጉርምርምታ፣ ቤዙ ተድበስብሶ እያንዳንዱ ምት ሳይለይ መቅረቱ። ከእነዚህ አንዱ ካለባችሁ አብረን እንቀጥል። ከሌለባችሁ ገንዘቡን ለመርፌ አውሉት፤ የተረፈውን ለሸክላ።

ጎማ፣ ቺንጋ ወይስ ቀጥታ ሞተር?

የድሮዎቹ ትልልቅ ማጫወቻዎች ሞተሩ ሳህኑን በሚያዞርበት መንገድ በሦስት ይከፈላሉ። የሚያረጀውና የማያረጀው ክፍላቸው በጣም ስለሚለያይ፣ ከስማቸው ይልቅ ይሄንን ማወቅ ይጠቅማል።

በጎማ የሚነዱት የዕድሜ ታላቆች ናቸው። የእንግሊዙ ጋራርድ 301 የእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ሥራ ነው፤ ታናሹ 401 እ.ኤ.አ. በ1965 ተከተለ። የስዊዘርላንዱ ቶረንስ ቲዲ 124 እ.ኤ.አ. በ1957 ወጣ፤ እሱ ቺንጋም ጎማም አለው። ጉልበተኛ ሞተር ትንሽ ጎማ ያሽከረክራል፣ ጎማው የሳህኑን ውስጠኛ ጠርዝ ገፍቶ ያዞራል። እነዚህን አንዴ የሰማ ሰው የሚያወራው ስለ ጉልበታቸው ነው። ከበሮው ሲመታ ደረት ላይ ይመጣል። ብረታቸው ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ችግሩ ያቺ ትንሽ ጎማ ናት። ማጫወቻው ለዓመታት ጎማዋ ሞተሩ ላይ እንደተጠጋች ቆሞ ከከረመ ጎማዋ ትጎደጉዳለች። ከዚያ በየዙሩ «ድብ፣ ድብ» ትላለች። ስትደርቅ የሞተሩን ንዝረት በቀጥታ ወደ ሳህኑ ታስተላልፋለች፤ በጸጥታው ውስጥ የሚሰማው ጉርምርምታ ይሄ ነው። አዲስ ጎማ ይገኛል። ግን ጎማ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ሞተሩ ተፈትቶ መጽዳት፣ ዘይት መጠጣትና በሞላዎቹ ላይ በትክክል መንጠልጠል አለበት። ብዙዎቹ ደግሞ ያለ ሳጥን ስለሚሸጡ ከባድ የእንጨት ሳጥን ማሠራት ይመጣል። በእኔ ግምት ይሄ ምርጫ ካቻቢቴ መያዝ ለሚወድ ሰው ነው። ማታ ደክሞት ገብቶ ሸክላ አስቀምጦ መስማት ብቻ ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስምርበት። የእነዚህ ሞተሮች ፍጥነት የኤሌክትሪኩን ሄርዝ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ይከተላል። ለ60 ሄርዝ አገር የተሠራ ማጫወቻ 50 ሄርዝ ላይ ሲሰካ 33⅓ መሆን የነበረበት ወደ 27.8 ይወርዳል። ዘፋኟ ወንድ ትሆናለች። መፍትሔው ሞተሩ ላይ ያለችውን ፑሌጃ ለአገሩ ሄርዝ በተሠራች መቀየር ነው፤ ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ሳትጠይቁ አትግዙ። ቮልቱም እንዲሁ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ማጫወቻ በ100 ቮልት ነው የሚሠራው። 220 ላይ የሰካው ሰው ጭስ ያያል።

ሁለተኞቹ ቺንጋና ሞላ ያላቸው ናቸው። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር ለአኮስቲክ ሪሰርች የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ማጫወቻ ሳህኑንና ካርትሪጁን የሚሸከመውን ክንድ በአንድ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስሮ በሦስት ሞላዎች አንጠለጠላቸው። ቶረንስ ቲዲ 150 እና የስኮትላንዱ ሊን ኤልፒ12 በዚሁ መንገድ ሄዱ። ሞተሩ በረጅም ላስቲክ ብቻ ስለሚነካው ንዝረቱ መንገድ ላይ ይሞታል። ጸጥታቸው ደስ ይላል።

ለጀማሪ ከሦስቱ ቀላሉ ይሄ ነው ባይ ነኝ። የሚያረጀው ነገር ጥቂት ነው፤ ቺንጋ፣ ዘይት፣ ሞላ። ቺንጋ በደቂቃ ይቀየራል። ሊን በተለይ አዳዲስ ክፍሎቹን አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ሳጥን ላይ እንዲገጠሙ አድርጎ ስለሚሠራ፣ የ1970ዎቹን ማጫወቻ በየጊዜው እየጨመሩበት ማሳደግ ይቻላል። ኪስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ወሬ ነው።

ጣጣው ሞላው ነው። ሳህኑን መሃሉ ላይ በቀስታ ጫን አድርጋችሁ ብትለቁት ቀጥ ብሎ ወደላይና ወደታች መወዛወዝ አለበት። ወደጎን ከተንገዋለለ አልተስተካከለም። ማስተካከሉ ትዕግስት ይጠይቃል። የእንጨት ወለል ላይ ከሆናችሁ ደግሞ በአጠገቡ ባለፋችሁ ቁጥር መርፌው ሊዘል ይችላል። እነዚህ ማጫወቻዎች ግድግዳ ላይ የተመታ መደርደሪያ ይወዳሉ።

ሦስተኞቹ ቀጥታ ሞተር ናቸው። ሳህኑ ራሱ ሞተሩ ላይ ይቀመጣል፤ ጎማም ቺንጋም የለም። ቴክኒክስ ኤስፒ-10ን እ.ኤ.አ. በ1970 ለገበያ አቀረበ፣ ኤስኤል-1200ን በ1972። የዲጄዎች ሁሉ ጓደኛ የሆነው ኤምኬ2 በ1979 መጣ። ምርቱ በ2010 ቆሞ በ2016 በአዲስ መልክ ተመለሰ። መመለሱ በራሱ ስለ ንድፉ ብዙ ይናገራል።

የፍጥነታቸውን ነገር አታንሱት፣ አይነቃነቅም። ሞተሩም በቀላሉ አያልቅም። የሚያስፈራው ኤሌክትሮኒክሱ ነው። ካፓሲተር ካረጀ ማንም ጎበዝ ጥገና የሚያውቅ ሰው ይቀይረዋል። ነገር ግን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ ውድ የጃፓን ማጫወቻዎች ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ቺፕ ከተመረተ ዘመናት አልፈዋል። እሱ ከሞተ የሚገኘው ከሌላ ሙት ማጫወቻ ተነቅሎ ነው። ስለዚህ በዚህ ቡድን ውስጥ እኔ የምመርጠው በብዛት የተመረተውን ነው። ብርቅዬው ለሰብሳቢ ይሁን። ኤምኬ2 ብርቅ አይደለም፣ ክብሩም እሱ ነው፤ መለዋወጫው እንደ ልብ ነው። የምታዩት ግን በምሽት ክበብ ስንት ዓመት እንዳገለገለ ነው።

ክንዱን የሚረሳው ብዙ ነው

የአበባ ማስቀመጫ ሆነ ያልኳችሁ ማጫወቻ ሳህኑ እንደ ሐር ነበር የሚዞረው። ሻጩ ቤት ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ሸክላም ሰምቼበታለሁ። ቤቴ ካመጣሁት በኋላ የቀኙ ስፒከር ላይ ቀጭን ድምፆች መቀደድ ጀመሩ። ካርትሪጅ ቀየርኩ። ሽቦ ቀየርኩ። ሌላ ካርትሪጅ ተበደርኩ። በመጨረሻ አንድ ጥገና የሚያውቅ ወዳጄ መጣና ክንዱን ጫፉ ላይ በሁለት ጣት ያዘው። ወደፊትና ወደኋላ በጣም በቀስታ ነቀነቀው። «ትክ» አለ። አንዴ ብቻ፣ ጆሮን አስጠግቶ የሚሰማ። የክንዱ ኩሽኔታ ተበልቶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የክንድ ኩሽኔታ ከመርፌ ዓይን ያልተናነሰ ጥቃቅን ነገር ነው። አንድ ሰው ማጫወቻውን ክንዱን ይዞ ካነሳው በቂ ነው፤ ያልቃል። አንዳንዱ ክንድ ይጠገናል፣ ለአንዳንዱ ግን የጥገናው ዋጋ ከሌላ ክንድ አይተናነስም።

ደህና ክንድ እንኳ ቢሆን ከካርትሪጃችሁ ጋር መስማማት አለበት። ክንድና ካርትሪጅ አንድ ላይ ሆነው የራሳቸው የመወዛወዝ ድግግሞሽ አላቸው። ጥሩው ከ8 እስከ 12 ሄርዝ ባለው መካከል ነው። ከዚያ ካነሰ የተጣመመ ሸክላና የእግር ኮቴ ያናውጠዋል፤ ከበለጠ ቤዙ ውስጥ ይገባል። ሂሳቡ ይሄውላችሁ፦ የክንዱን (በሚዛን የሚመዘነውን ሳይሆን አምራቹ effective mass ብሎ የሚጽፈውን)፣ የካርትሪጁንና የብሎኖቹን ክብደት በግራም ደምሩ፤ በካርትሪጁ የልስላሴ ቁጥር (compliance) አባዙ፤ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፤ 159ን በእሱ አካፍሉ።

ክንዱ 12 ግራም፣ ካርትሪጁና ብሎኑ 7 ግራም፣ ልስላሴው 20 ቢሆን 8.2 ሄርዝ ይመጣል። ያልፋል። ይኸው ካርትሪጅ 25 ግራም በሆነ ከባድ የድሮ ክንድ ላይ ቢታሰር ግን 6.3 ይሆናል። እዚያ ላይ ያላችሁን ካርትሪጅ መተው ሊኖርባችሁ ነው፤ ያም ወጪ ነው። አንዳንድ የጃፓን አምራቾች ልስላሴውን በ100 ሄርዝ ለክተው ስለሚጽፉ ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ሂሳቡን ከማመናችሁ በፊት በስንት ሄርዝ እንደተለካ እዩ።

ሻጩ ቤት ስትደርሱ

ማጫወቻው ቀድሞ ባይሞቅ ደስ ይለኛል፤ ሳይበራ እንዲጠብቃችሁ ንገሩት። ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያሳየው ጠባይ እውነተኛው ነው።

መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ንቀሉት። የሳህኑን ጠርዝ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ አዘንብሉት። መንገጫገጭ ካለ የዘንጉ ማረፊያ ተበልቷል። የሚቻል ዓይነት ከሆነና ሻጩ ከፈቀደ ሳህኑን አንስታችሁ ዘንጉን ሳቡ። ጫፉ ላይ ያለውን ዘይት በጣታችሁ ነክታችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ አሮጌ ዘይት ነው፣ ይቀየራል። ጠቁሮ በውስጡ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ካለው ግን ያ የብረቱ ብናኝ ነው። የምትገዙት ብረቱን ነው ብለናል። እዚህ ላይ ሻጩን አመስግኖ መውጣት ነው።

ቀጥሎ ክንዱን። የኋላውን ክብደት እያዞራችሁ ክንዱ አየር ላይ ተንሳፎ እስኪቆም አስተካክሉት። አሁን እፍ በሉበት። እንደ ላባ መሄድ አለበት። መንገድ ላይ ቆም ካለ ወይም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ ችግር አለ። ከዚያ ያን የወዳጄን «ትክ» ፈልጉ።

ፍጥነቱን በስልክ መለካት ይቻላል። የመዞር ፍጥነት የሚያሳይ አፕ ጭናችሁ ስልኩን ሳህኑ ላይ አስተኙት፤ መሃል ላይ ባይሆንም የሚለካው ያው ነው። አሥር ደቂቃ ይዙር። 33.3 አካባቢ ጸንቶ ከቆየ ደህና ነው። ሲሞቅ ቀስ እያለ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ከሆነ ዘይት ወይም ካፓሲተር ይፈልጋል፤ ዋጋ ላይ ተከራከሩበት።

የራሳችሁን ሸክላ ይዛችሁ ሂዱ። በደንብ የምታውቁትን፣ ፒያኖ ያለበትን። የሻጩ ሸክላ ሁልጊዜ ያምራል።

የገንዘቡ ነገር

አዲስ መካከለኛ ማጫወቻ የሚሰጣችሁ ዋስትና አለ፣ ደህና ክንድ አለ፣ ከካርቶን አውጥቶ መስማት አለ። ይሄን የሚንቁ ሰዎችን አልቀላቀልም። የክንድ ጥበብ ከድሮው ጋር አብሮ አልተቀበረም፤ ሬጋ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው አርቢ300 በተመጣጣኝ ዋጋ እጅግ ጥሩ ክንድ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። የአሮጌው ብልጫ ሌላ ነው። የዚያን ዘመን ከባድ ሳህንና ዘንግ ዛሬ በዚያው ጥራት አዲስ ለማሠራት ቢፈለግ የሚጠየቀው ገንዘብ ሌላ ዓለም ነው።

እኔ ስገዛ የማስታወቂያውን ዋጋ ብቻ አልቆጥርም። ሲሶውን ለጥገና አስቀምጣለሁ። በዚያ ላይ መጓጓዣ፣ ካስፈለገ ሳጥን፣ ካስፈለገ ካርትሪጅ። ድምሩ ከአዲሱ ማጫወቻ ከበለጠና ቅርብ የሆነ ጥገና የሚችል ሰው ከሌለ አዲሱን እገዛለሁ። ጥገና የሚችል ሰው ካለና ዘንጉ ንጹህ ከሆነ ግን ሳላመነታ አሮጌውን።

መርፌው አዲስ፣ ካርትሪጁ ደህና ሆኖ ያላችሁ ማጫወቻ በጣም ርካሽና ቀላል የሆነባችሁ ሰዎች ከዚህ ለውጥ ብዙ ታተርፋላችሁ። ያላችሁ ደህና መካከለኛ ከሆነ ግን ልዩነቱ ከጠበቃችሁት ያነሰ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ፎኖ ፕሪአምፑ (የካርትሪጁን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ) ወይም ስፒከሩ ቀድሞ ይታይ።

ከገዛችሁ ራሳችሁ ሄዳችሁ አምጡት። በፖስታ መላክ ግድ ከሆነ ሳህኑ ወጥቶ ለብቻው ይጠቅለል፤ የኋላው ክብደት ከክንዱ ይውለቅ፤ ክንዱ ማረፊያው ላይ ይታሰር፤ የመጓጓዣ ብሎን ያለው ከሆነ ይጥበቅ። ሳህኑ ላዩ ላይ እንዳለ የተላከ ማጫወቻ መንገድ ላይ ዘንጉን ራሱ ይቀጠቅጠዋል።

ቤት ሲደርስ ዘይቱን ቀይሩ፣ ቺንጋውን ቀይሩ፣ ደረጃውን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ያው ካርትሪጅ ከቀድሞው ማጫወቻችሁ ወደ አሁን ወደገዛችሁት ተዛውሮ፣ ያው ሸክላ፣ ያው የድምፅ መጠን ሆኖ ስሙት። የቀድሞውን ማጫወቻ ግን ለአንድ ወር ያህል አትሽጡት። እኔ የቀድሞዬን በሳምንቱ ሸጬ፣ ያ «ትክ» ሲሰማ ሁለት ወር ሙሉ ያለ ሙዚቃ ተቀምጫለሁ።